የጅቡቲ መንገድ ነጂዎች፤ ከረዳትነት እስከ ፍጥነት መገደቢያ

የፈረንሳዩ ገዥ ሌዎንስ ላጋርድ በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ ከኦቦክ ይልቅ ለሐረር የሲራራ ንግድ ይቀርባል ብሎ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የጅቡቲን ከተማ ሲቆረቁር፣ ከደጋው ወደዚያ ስፍራ የሚወርደው መንገድ የግመል መንገድ ነበረ፤ የግመሉም ነጂ መንገዱን የሚያጠናው በብራና ተጽፎ አግኝቶት ሳይሆን፣ አባቱን ወይም አጎቱን ከኋላ እየተከተለ፣ የውሃውን ጉድጓድ፣ የማደሪያውን ጥላ፣ ጎርፍ የሚወርድበትንም ደረቅ ወንዝ አንድ በአንድ እየለየ ነበረ። ይህን ከሥሩ ማንሣቴ ለጌጥ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ መጥቷል፣ መኪናው መጥቷል፣ ሳተላይቱም መጥቷል፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የከባድ መኪና ነጂ ሙያውን ሲማር የኖረው፣ እስከ ትናንት ድረስ፣ በዚያው በጥንቱ ሥርዓት፣ ማለት አዋቂውን ተከትሎ በመሄድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ያ ሥርዓት እንዴት እንደ ቆመ፣ እንዴትም እንደ ላላ፣ በስፍራውም ምን እንደ ተተካ መመርመር ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ፍጥነትንና ጥንቃቄን በሕግ ያሰረ የመጀመሪያው ሥራ የምድር ባቡሩ ነው። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሌዎን ሸፍኔ ፈቃዱን ሰጥተው፣ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በእንፋሎት ባቡር ዘመን በየትም አገር ልማድ እንደ ነበረው፣ ባቡር የሚያሽከረክር ሰው በአንድ ቀን አይሾምም ነበር፤ በመጀመሪያ እሳት ያነዳል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ዘይት ይቀባል፣ በሹፌሩ ጎን ቆሞ ኩርባውንና ድልድዩን በልቡ ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው መዘውሩን የሚጨብጠው። ሰዓቱ የታወቀ፣ ምልክቱ የታወቀ፣ ጣቢያው የታወቀ ነበረ። ሕግ ሲጠበቅ ደኅንነት፣ ሕግ ሲጣስ መቅሠፍት መሆኑንም ያው ሐዲድ ራሱ አሳይቷል፦ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር በኩርባ ላይ ወዳለው ድልድይ ሲገባ ፍጥነቱን ስላልቀነሰ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደሉ ወደቀና ከ400 በላይ ሰው አለቀበት። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ሐዲዱ አልተሰበረም፣ ድልድዩም አልፈረሰም፤ የጎደለው ከኩርባው በፊት እጅን ወደ ፍሬኑ የሚሰድ ልማድ ነበረ።

መኪና በዚህ አገር የታየው ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና በጅቡቲ በኩል አስገብቶ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሳት፤ አርኖልድ ሆልትስ የተባለውም ጀርመናዊ ብዙ ሳይዘገይ ሌላ መኪና ይዞ ተከተለው። አጤ ምኒልክ አዲስ ነገር ሲያዩ ደስ የሚላቸው ንጉሥ ነበሩና በመኪናዪቱ ተቀምጠው ሄዱ። ለታሪክ ጸሐፊው ግን ከዚህ ጉዞ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ያች መኪና ብዙውን ስፍራ የተጓዘችው በሰው ጉልበት እየተገፋችና በገመድ እየተጎተተች ነበርና፣ በዚህ መንገድ ላይ መኪና ከመነሻው የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን የነጂና የረዳት ሥራ ሆኖ ተወለደ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጅቡቲ የባቡር ከተማ እንጂ የካሚዮን ከተማ አልነበረችም። የኢጣልያ መንግሥት በወረራው ዘመን ለፈረንሳዮች የወደብ ቀረጥ መክፈልን ስለ ጠላ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ አሠራ፤ የከባድ መኪናው ዕድልም ከነጻነት በኋላ በዚያው ላይ ተመሠረተ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹን ሲያድስ፣ ፊያቱና ኤንትሬው ተሳቢ እየጎተተ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ አሰብ ይጎርፍ ነበር። በዚህ መካከል አንድ የሚያስገርም ነገር ተፈጸመ። ኢትዮጵያ እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በመንገዱ ግራ ትነዳ ነበርና፣ ፈረንሳዮቹ ደግሞ በጅቡቲ እንደ አገራቸው በቀኝ ይነዱ ስለ ነበር፣ የሁለቱ አገሮች ነጂዎች ወሰኑ ላይ ቢገናኙ ግንባር ለግንባር ሊመጡ ነበር ማለት ነው። በዚያች ቀን ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ ተሻገረች። ስዊድን ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ እርስዋ ስላደረገችው ዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ ይተርካል፤ ስለ እኛው ሰኔ አንድ ግን ከሽማግሌ ሹፌሮች በቀር የሚያነሣው የለም። በዚያው በ1956 ዓ.ም. የወጣው የትራንስፖርት ደንብ ቁጥር 279 ከአርባ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የአገሪቱ የመንገድ ሕግ መሠረት ሆኖ ኖረ።

ሕጉ ግን ወረቀት ነው፤ ነጂውን የሚያሳድገው ትምህርት ቤት ሌላ ነበረ፤ እርሱም ረዳትነት ነው። ልጁ ገና በአፍላነቱ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ደመወዝ፣ ለአንድ ሹፌር ይገባል። መኪና ያጥባል፣ ሸራ ይጠቀልላል፣ ጭነት ያሥራል፣ ክሪክ ይሸከማል፤ ጎማውን በብረት መታ መታ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል፣ ነፋስ የጎደለው ጎማ ድምፁ ደንቆሮ ነውና። ተሳቢው ዳገት ላይ ሲንተፋተፍ ታኮውን ይዞ ይዘልላል፤ ታኮውን ከኋላ እግሩ ሥር በጊዜው ካላስገባ ሠላሳና አርባ ቶን ወደ ኋላ ይንሸራተታልና በዚያች ቅጽበት የመኪናውም የሰውም ነፍስ በልጁ እጅ ናት። ይህን ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ሹፌሩ ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት መሪውን ያስይዘዋል። የቅኔ ተማሪ በየኔታው ደጅ ደበሎ ለብሶ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ አንድ አንድ ደረጃ እየወጣ መወድስ እስኪደርስ እንደሚቆይ፣ ረዳቱም ከጎማ ወደ ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ ወደ መሪ ይወጣ ነበር፤ የኔታው ሳይመርቀውም አይነዳም።

በዚያ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ የከበረው ቁልቁለት ማውረድ ነው። ከደጋው ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ተነሥቶ እስከ ባሕር ወለል የሚወርድ መኪና፣ ፍሬኑን እየረገጠ ቢወርድ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻም አይይዝም፤ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የብረት መበጠስ ሳይሆን ይኸው ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርደውን ሰው አጥብቀው ይንቁት ነበር። ይህን ልማድ ማንም መሐንዲስ አላስተማራቸውም፤ ነገር ግን የሞተር ፍሬን አሠራር ዛሬ በማሠልጠኛ መጽሐፍ ሲገለጽ ከእነርሱ ቃል የተለየ ምንም አይልም።

ይህም ሲባል ያን ዘመን ያለ ነውር ማድረግ አይገባም። ረዳት ይደበደብ ነበር፤ ብዙው ማንበብ ሳይችል ሹፌር ይሆን ነበር፤ ከየኔታው በጎውን ብቻ ሳይሆን ክፉውንም ይወርስ ነበር። ለሌሊት ጉዞ ጫት መቃም፣ መኪና ሲበላሽ ለማስጠንቀቂያ ድንጋይ ደርድሮ ከተሠራ በኋላ ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ጥሎ መሄድ፣ እነዚህ ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፉ ትምህርቶች ናቸው። ያ ድንጋይ በአፋር ሜዳ በጨለማ ለሚመጣው ለሌላው ነጂ ምን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። በደጋው መንገድ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይጣል ነበር፤ በዚያ በረሃ ግን ቅጠል የለምና ድንጋዩ ብቻ ቀረ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፤ የአገሪቱም የወጪና የገቢ ንግድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ የሚያልፈው በዚሁ በአንድ ደጅ ነው። ያረጀው ባቡር ይህን ሸክም ሊችለው አልቻለምና ሁሉ ነገር በጎማ ላይ ወደቀ፤ በሚሌ አልፎ በጋላፊ ወሰን ተሻግሮ፣ በዲኪልና በታላቁ ባራ ሜዳ ወደ ከተማዪቱ የሚገባው መንገድ ለዚህ ብዛት የተሠራ አልነበረም። የዶራሌ የነዳጅ ወደብ፣ ኋላም በ2001 ዓ.ም. የኮንቴይነር ወደቡ ሲከፈት የመኪናው ቍጥር እያደር ጨመረ። የቻይናው ሲኖትራክ መጣ፤ ሕዝቡም በቀይ ቀለሙና በሚያደርሰው አደጋ ምክንያት «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰየመው። ፍርዱ መራራ ነው፤ ነገር ግን ስሙ የተሰጠው ለብረቱ ሲሆን ጥፋቱ የብረቱ ብቻ አልነበረም። መኪናው ከሰው ቀድሞ በዛ። ረዳት ሆኖ ዓመታት የቆየ ሰው ተፈልጎ ሲታጣ፣ ወራት ብቻ የቆየው መሪ ጨበጠ፤ ባለ ንብረቱም ወጪ ለመቀነስ ብሎ ነጂውን ብቻውን መስደድ ጀመረ። የጥንቱ ትምህርት ቤት እንዲህ ሆኖ ማንም በአዋጅ ሳይዘጋው ተዘጋ።

የዚህን ሁሉ ውጤት ለማየት ከወደቡ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ሰፈሩ በፈረንሳዮቹ የመንገድ ቍጥር ፔካ ዱዝ ወደ ተባለበት ስፍራ መሄድ ይበቃል። ኢት የሚል ሰሌዳ የለጠፉ ተሳቢዎች በመንገዱ ዳርና ዳር ተሰልፈው ይቆማሉ። ሹፌሮቹ በተሳቢው ሆድ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተኝተዋል፤ ከጎናቸው ቢጫ ጄሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራ አለ። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አስፋልቱም ጎማውን እያጋለ ያዝለዋል። የጅቡቲ ሰው በነጭና በአረንጓዴ ታክሲ በአጠገባቸው ያልፋል፣ ከእኩለ ቀን በኋላም ከሐረርጌ የመጣው ጫት ሲደርስ ከተማው ሁሉ ይነቃነቃል፤ እነርሱ ግን ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ቀን በገንዘብ አይከፈላቸውም፤ የሚከፈላቸው በምልልስ ነው። እንግዲህ በወደቡ ሦስት ቀን የባከነበት ሰው ሰነዱን ተቀብሎ ሲወጣ የባከነውን ጊዜ የሚያስመልሰው ከየት ነው? ከእንቅልፉና ከፍጥነቱ ነዋ። ታላቁ ባራ ደግሞ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ የደረቀ የሐይቅ ወለል ነውና፣ እግር ነዳጁን ይረግጣል፣ ዐይን ግን የሚያርፍበት ነገር አጥቶ ይከደናል።

አደጋው የነጂው ብቻ አይደለም። ባልባላ የሚባለው ሰፊ መንደር ፈረንሳዮች በ1966 እ.ኤ.አ. በከተማዪቱ ዙሪያ ካጠሩት የሽቦ አጥር ውጭ የተከማቹት ሰዎች የመሠረቱት ሲሆን፣ ጅቡቲ በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ እየሰፋ ሄዶ የከተማዪቱ ትልቁ ክፍል ሆነ። ድሮ ከከተማው ውጭ የነበረው አውራ ጎዳና እንዲህ ሆኖ በሕዝብ መካከል ተገኘ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃንና ከወደቡ የሚወጣ ተሳቢ በአንድ መንገድ ይጓዛሉ። በአሰብ መንገድ ያደገ ሹፌር መንደርን የሚያውቀው አልፎ አልፎ እንደሚገጥመው ነገር ነበርና፣ የከተማ ውስጥ ጥንቃቄ በጥንቱ ረዳትነት ውስጥ እምብዛም ያልተሰጠ ትምህርት ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ጉድለት በሕግና በማሠልጠኛ ሊሞላው ሞክሯል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600 ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ይባል የነበረውን የመንጃ ፈቃድ ደረጃ ለውጦ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ እያለ በጭነቱ ዓይነት ከፈለው፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1074 ተተካበት። የነዳጅ ቦቴ የሚነዳ ሰው የደረቅ ጭነት ከሚነዳው የተለየ ዕውቀት እንደሚያሻው መታወቁ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ግማሽ የሞላ ቦቴ በኩርባ ላይ ፈሳሹ ወደ አንድ ወገን ሲዘነብል መኪናውን ይዞት ይገለበጣልና። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 የፍጥነቱን ወሰን እንደ ተሽከርካሪው ክብደትና እንደ መንገዱ ዓይነት ደነገገ። የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ሆነ፤ ኋላ ኮሜሳ የተባለው የንግድ ማኅበር አገሮች በ1979 ዓ.ም. የተስማሙበት ቢጫ ካርድ ደግሞ ያ መድን ወሰን ተሻግሮ እንዲያገለግል ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የሞቱ ቍጥር በደንብ እንኳ አልታወቀም። የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያ ስለ ደረሰው የ2016 እ.ኤ.አ. የመንገድ ሞት ባወጣው ስሌት፣ በመንግሥት መዝገብ የገባው ሟች 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ የገመተው ግን ከ27,000 በላይ ነው። የስድስት እጥፍ ልዩነት ነው። የትኛው ኩርባ፣ የትኛው ሰዓት፣ የትኛው የሥልጠና ጉድለት እንደ ገደለ በማይጻፍበት ስፍራ፣ ሥልጠናውን የሚያዘጋጀው ሰው በግምት ያስተምራል።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። የመጓጓዣው ባለሥልጣናት ባለፉት ዓመታት በከባድ መኪኖች ላይ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠም አዝዘዋል፤ ብዙ ማኅበራትና ኩባንያዎችም መኪናቸውን በጂፒኤስ ይከታተላሉ፤ ጉምሩክም በኮንቴይነሩ ላይ የኤሌክትሮኒክ ማኅተም አሥሮ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ይጠብቀዋል። መልካም ነው። ነገር ግን መሣሪያዎቹን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ አብዛኛዎቹ የተሰቀሉት ዕቃው እንዳይጠፋ እንጂ ነጂው እንዳይደክም አይደለም። ሳተላይቱ ኮንቴይነሩ ከመንገድ ወጥቶ እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል፤ ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንዳልተኛ ግን አይጠይቀውም። በአውሮፓ የከባድ መኪና ነጂ የነዳበትንና ያረፈበትን ሰዓት የሚጽፍ ታኮግራፍ የሚባል መሣሪያ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አለ፤ በጋላፊ መንገድ ግን ከፍጥነት መገደቢያው ይልቅ የሚያሻው ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። መገደቢያውም ቢሆን የሚያውቀው አንድ ቍጥር ብቻ ነው፤ በ80 የሚሄድ መኪና በሜዳው ደኅና፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ዌአ መንደር በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን መዓት መሆኑን አይለይም።

በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከመኪናው ሸክም ከፊሉን ወስዷል፤ የነጂዎቹም ሥልጠና መጀመሪያ በቻይናውያን እጅ ሆኖ፣ ልክ በጥንቱ ሐዲድ እንደ ነበረው፣ ተማሪው በአዋቂው ጎን እየተቀመጠ የሚፈጸም ነበር። ያም ሆኖ በመስመሩ ላይ ግመሎች መገጨታቸው አልቀረም። ባቡሩ ነጂውን አሠለጠነ፣ አርብቶ አደሩን ግን ሳይመክረው አለፈ።

እንግዲህ እኔ ለሕግ አውጪዎቹ አንድ ነገር ባቀርብ፣ ረዳትነት ወደ ሕጉ እንዲገባ ነው። የተሳቢ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በማሠልጠኛው ከተማረው በተጨማሪ፣ በጅቡቲ መስመር በአንድ በተመሰከረለት ሹፌር ጎን የተወሰነ ኪሎ ሜትር በረዳትነት መጓዙ በመዝገብ ተጽፎ ይቅረብ፤ ያም መዝገብ የሌሊቱን፣ የቁልቁለቱንና የባልባላን ጉዞ ለይቶ ይጻፍ። ድብደባውና ጫቱ ይቅር፤ ታኮውና ማርሹ ይመለስ። ባለ ንብረቶቹ ወጪው በማን ላይ ይወድቃል ብለው እንደሚቃወሙ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም፤ የአንድ ረዳት አበልና ቀለብ በእያንዳንዱ ምልልስ ላይ ይጨመራልና። ነገር ግን ክፍያው በምልልስ እስከ ሆነ ድረስ፣ በወደቡ የሚባክነውም ቀን በማንም ሒሳብ ሳይገባ እስከ ቀረ ድረስ፣ ወጪው ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ግን ከተሳቢው ሥር የተኛው ሰውና በባልባላ መንገድ የሚሻገረው ልጅ ነው።